የዐለት ዓይነቶችን በጥለት ማሳየት፦ ለሎግ፣ ለሴክሽንና ለሞዴል የሚሆን የምልክት ስብስብ እንዴት ይዘጋጃል?

«ሞዴሉን ጨርሻለሁ፤ አሁን ለዐለቶቹ ምን ምን ምልክት ልስጥ?»

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ሥራውን አገባዷል። የቁፋሮ መረጃው ገብቷል፣ ሴክሽኑ ተሥሏል፣ ሪፖርቱ ደግሞ ነገ ይፈለጋል። ምልክቱ የቀረው የመጨረሻ ማሳመሪያ ይመስለዋል። እኔ ግን ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው፦ ምልክት የሚወሰነው ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ ስትሠሩት ይገባችኋል።

ሎግ ስል ከጉድጓድ ቁፋሮ የተገኘውን ዐለት ከላይ እስከ ታች የሚያሳየውን ቀጭን ዓምድ ማለቴ ነው። ሴክሽን ደግሞ ምድርን እንደ ዳቦ ቆርጠን ከጎን ስናየው የሚታየው ሥዕል ነው። ሞዴል የምለው ከመሬት በታች ያሉትን ዐለቶች በኮምፒውተር በባለ 3 አቅጣጫ የሚያሳየውን ነው። ጥለት የምለው የአንድን ዐለት ቦታ የሚሞላውን ተደጋጋሚ ምልክት ነው፤ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የጡብ ቅርጽ፣ ሞገድ የመሳሰሉትን።

መጀመሪያ ይህን ለዩ

ጥለት የሚናገረው ስለ ዐለቱ ዓይነት ነው። ቀለም የሚናገረው ስለ ዕድሜው ወይም ስለ ፎርሜሽኑ (በአንድ ስም ስለሚጠሩት የዐለት ንብርብሮች ስብስብ) ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። አንድ ፎርሜሽን ውስጥ የአሸዋ ድንጋይም፣ ሼልም (ከደቃቅ ጭቃ የተሠራ ዐለት)፣ የኖራ ድንጋይም ሊኖር ይችላል። ቀለሙ አንድ ሆኖ ጥለቱ ሦስት ይሆናል ማለት ነው። በተቃራኒው ዕድሜያቸው የማይገናኝ ሁለት የኖራ ድንጋዮች ጥለታቸው አንድ፣ ቀለማቸው ሁለት ይሆናል። ይህ ልዩነት ከተያዘ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቁፋሮ ሎጎቹ ወይም የመስክ ማስታወሻው፣ ከነሙሉ የዐለት መግለጫው
- የሠንጠረዥ ፕሮግራም፤ ኤክሴልም ሆነ ሊብረኦፊስ ካልክ ይሠራል
- ኢንክስኬፕ፣ ጥለቱን ለመሣል (ነፃ ነው)
- ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ፕሮግራም፣ ጥለቱን ከመረጃው ጋር ለማገናኘት (ይህም ነፃ ነው)
- አንድ የታወቀ የምልክት ደረጃ ሰነድ
- ማተሚያ፣ ወረቀትና ማስመሪያ

ማስመሪያውን አትናቁት። ስክሪን ያታልላል፤ ወረቀት ላይ በሚሊ ሜትር የተለካ ነገር ግን አያታልልም።

ደረጃ 1፦ ስሞቹን አጥሩ

ከሎጎቹ ላይ የዐለት ስሞችን በሙሉ በአንድ ዓምድ ሰብስቡ። ከዚያ ተደጋጋሚውን አስወግዱና ምን እንደቀረ ተመልከቱ።

በአንድ ሥራ ላይ ይህን ሳደርግ 41 ስም ወጣልኝ። «የአሸዋ ድንጋይ»፣ «አሸዋ ድንጋይ»፣ «ደቃቅ የአሸዋ ድንጋይ»፣ «የአሸዋ ድንጋይ፣ ቢጫ»። አንዱ ላይማ ከስሙ ኋላ አንድ ባዶ ቦታ ተተይቧል። ለዓይን አይታይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ዐለት ነው። አጣርቼ ስጨርስ የቀሩት 9 ዐለቶች ነበሩ።

ለምን ያስፈልጋል? ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም የተለየ ምልክት ስለሚሰጥ ነው። ስም ካልጠራ ሌጀንዱ (የምልክቶቹ መፍቻ) 41 ሣጥን ይኖረዋል፤ ማንም አያነበውም።

ስታጠሩ ግን መረጃ አትጣሉ። «ቢጫ»፣ «ደቃቅ»፣ «የተሸረሸረ» የሚሉት ቃላት ጠቃሚ ናቸው። ወደ ሌላ ዓምድ ውሰዷቸው። በዋናው ዓምድ የዐለቱ ስም ብቻ ይቅር።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ዐለት የቁጥር ኮድ ስጡ

ሥዕሉ፣ ሎጉ፣ ሴክሽኑና ሞዴሉ ሁሉም የሚገናኙት በዚህ ኮድ ነው። እኔ እንዲህ እከፍላለሁ፦ ከ100 ጀምሮ ሴዲመንተሪ (ተከማችቶ የጠነከረ)፣ ከ200 ጀምሮ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ ወይም ተረጭቶ የወጣ፣ ከ300 ጀምሮ ምድር ውስጥ የቀዘቀዘ ኢግኒየስ (ከቀለጠ ዐለት የተሠራ)፣ ከ400 ጀምሮ ሜታሞርፊክ (በግፊትና በሙቀት የተለወጠ)፣ ከ500 ጀምሮ ያልጠነከረ አፈርና ደለል።

በመካከሉ ክፍተት ተዉ። ኮንግሎሜሬት 110፣ የአሸዋ ድንጋይ 120፣ ሲልትስቶን 130፣ ሼል 140፣ የኖራ ድንጋይ 150፣ ዶሎማይት 160። ነገ «ሸክላ የበዛበት የኖራ ድንጋይ» ቢመጣ 155 ብላችሁ ታስገቡታላችሁ። ተከታታይ ቁጥር ሰጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ማፈራረስ ነበረባችሁ።

0 ቁጥርን ለዐለት አትስጡ። ብዙ ፕሮግራሞች 0ን «መረጃ የለም» ወይም «ከመሬት በላይ፣ አየር» ብለው ስለሚጠቀሙበት ዐለታችሁ ከሞዴሉ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

ደረጃ 3፦ አንድ ደረጃ ምረጡ፣ አትደባልቁ

ለጥለት ተብለው የወጡ ሰነዶች አሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ኢሶ 710 በሚል ቁጥር በ7 ክፍል ያወጣው አንዱ ነው። ሁለተኛው ክፍል ለሴዲመንተሪ፣ ሦስተኛው ለኢግኒየስ፣ አራተኛው ለሜታሞርፊክ ዐለቶች ነው። ሌላው የአሜሪካ ፌዴራል የጂኦግራፊ መረጃ ኮሚቴ በ2006 ያወጣው የጂኦሎጂ ካርታ ምልክቶች ደረጃ ነው። እዚህኛው ላይ እያንዳንዱ ጥለት ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 607 የአሸዋ ድንጋይ፣ 627 የኖራ ድንጋይ፣ 718 ግራናይት።

የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ወይም ደንበኛችሁ የራሱ ሰነድ ካለው እሱን ተከተሉ። ከሌለ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻ በእሱ ጽኑ። ሁለቱ ሰነዶች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች ላይ ግን አንዱ የተጠቀመበት ቅርጽ በሌላው ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከዚህ ግማሽ፣ ከዚያ ግማሽ ብትወስዱ አንባቢው የለመደውን ቅርጽ አይቶ የተሳሳተ ዐለት ያነባል።

ደረጃ 4፦ ጥለቱን መድቡ

አብዛኛው ጥለት ዐለቱን ራሱን ስለሚመስል ለመያዝ አይከብድም።

የአሸዋ ድንጋይ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ የአሸዋው ቅንጣት ነው። ሼል አጫጭር አግድም ሰረዝ ነው፤ በቀጭን በቀጭኑ የሚሰነጠቅ ዐለት ስለሆነ። ሲልትስቶን በሁለቱ መካከል ያለ ቅንጣት ስላለው ነጥብና ሰረዝ ይቀላቅላል። ኮንግሎሜሬት ክብ ክብ ነው፣ ምክንያቱም ጠጠሮቹ በውኃ ተንከባለው የከበቡ ናቸው። ብሬቻ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስብርባሪው ጠርዙ ስለታም ነው። ክቡና ሦስት ማዕዘኑ ከተምታቱ የዐለቱ ታሪክ ይገለበጣል፤ አንደኛው ሩቅ ተጉዞ የመጣ፣ ሌላኛው እዚያው አካባቢ የተሰባበረ ነውና።

የኖራ ድንጋይ የጡብ ግድግዳ ይመስላል። ዶሎማይትም ጡብ ነው፤ የቁም መስመሮቹ ግን ዘንበል ይላሉ። ይቺ ትንሽ መዝመም ብቻ ናት የምትለያቸው፤ ስለዚህ በደንብ ትታይ። የድንጋይ ከሰል ጥቁር ሙሉ ሙሌት ነው።

ግራናይት የመደመር ምልክት የመሰሉ ወይም ወዲያና ወዲህ የተበተኑ ትናንሽ ሰረዞች አሉት፤ ክሪስታሎቹ ወጥ አቅጣጫ እንደሌላቸው ለማሳየት። ሺስትና ናይስ ሞገድ የመሰለ መስመር ይይዛሉ፤ በግፊትና በሙቀት የታጠፈውን ሥሪት ያሳያል። ለእሳተ ገሞራ ዐለቶቹ፣ ለባዛልት፣ ለራዮላይት፣ ለተፍና ለኢግኒምብራይት የመረጣችሁት ሰነድ የሚለውን እንዳለ ውሰዱ፤ እዚህ ላይ ከልምድ መሥራት ያሳስታል።

ቅይጥ ዐለት ሲያጋጥማችሁ ዋናው ዐለት መሠረቱን ጥለት ያገኛል፤ ተጨማሪው ደግሞ በላዩ ላይ ፈንጠር ፈንጠር ብሎ ይጨመራል። አሸዋማ የኖራ ድንጋይ ጡብ ውስጥ ጥቂት ነጥብ ነው። ሸክላማ የኖራ ድንጋይ ጡብ ውስጥ አጭር ሰረዝ ነው። ነጥቡ ከበዛ ግን አንባቢው ኖራማ የአሸዋ ድንጋይ አድርጎ ያየዋል።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ መሸርሸርና በሙቅ ውኃ መለወጥ የዐለት ዓይነት አይደሉም። የተሸረሸረ ግራናይት ግራናይት ነው። ሌላ ኮድ አትስጡት። በሌላ ንብርብር፣ በላዩ ላይ በሚደረብ ምልክት አሳዩት። አለበለዚያ ሞዴሉ አንዱን የግራናይት አካል ለሁለት ይከፍለዋል።

ደረጃ 5፦ ታይሉን ሣሉ

ታይል የምለው ጎን ለጎንና ላይ በታች እየተደጋገመ ሰፊ ቦታ የሚሞላውን ትንሽ ቁራጭ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ የኖራ ድንጋዩን አብረን እንሥራው።

ሀ) ኢንክስኬፕን ክፈቱና የገጹን መጠን ወርድ 8 ሚሊ ሜትር፣ ቁመት 6 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ልኬቱን ሁሉ ከግራና ከላይ ጥግ እንቁጠር።

ለ) ሁለት አግድም መስመር ከዳር እስከ ዳር አስምሩ፤ አንዱን ከላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ሌላውን 4.5 ላይ። ውፍረታቸው 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ሐ) ከግራ 2 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው የሚደርስ አንድ የቁም መስመር ጨምሩ።

መ) ከግራ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ሁለት አጭር የቁም መስመር አስገቡ፤ አንዱ ከገጹ አናት እስከ 1.5፣ ሌላው ከ4.5 እስከ ገጹ ግርጌ። እነዚህ ሁለቱ ቁራጮች ታይሉ ሲደጋገም ተገጣጥመው አንድ ሙሉ መስመር ይሆናሉ።

ሠ) ከኋላ ነጭ ሣጥን አታስቀምጡ። ዳራው ባዶ ይሁን።

ረ) በኤስቪጂ (ቢያሳድጉት ጥራቱን በማያጣ የሥዕል ፋይል) አስቀምጡት። የፋይሉን ስም በኮዱ፣ ማለትም 150 በሉት።

አሁን 8 በ3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጡብ፣ እያንዳንዱ ረድፍ በግማሽ ጡብ ፈቅ ያለ ግድግዳ አገኛችሁ።

አግድሞቹን መስመሮች ለምን ገጹ ጠርዝ ላይ አላደረግናቸውም? ጠርዝ ላይ ያለ መስመር ግማሽ ውፍረቱ ከገጹ ውጭ ይወድቅና ይቆረጣል። አንዱ መስመር ቀጥኖ ሌላው ወፍሮ ይታተማል። መስመሩን ከጠርዝ ወደ ውስጥ ማስገባት ይህን ችግር ከሥሩ ያጠፋዋል።

ዶሎማይቱን ከዚሁ ፋይል አውጡት። የመሐሉን የቁም መስመር አናቱን 2.5 ላይ፣ እግሩን 1.5 ላይ አድርጉ። 6 ላይ የነበሩትን ቁራጮች ደግሞ እንዲህ ቀይሯቸው፦ የታችኛው አናቱ 6.5 ላይ ሆኖ የገጹን ግርጌ 6 ላይ ይንካ፤ የላይኛው ከገጹ አናት 6 ላይ ተነሥቶ እግሩ 5.5 ላይ ይረፍ። ሁለቱም ጠርዙን የሚነኩት እኩል 6 ላይ ስለሆነ ሲገጣጠሙ አይሰበሩም። በ160 አስቀምጡት።

ለአሸዋ ድንጋይ 4 በ4 ሚሊ ሜትር ገጽ ይበቃል። ዲያሜትራቸው 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ነጥቦች፣ አንዱ ከግራ 1 ከላይ 1፣ ሌላው ከግራ 3 ከላይ 3። ረድፎቹ ተፈራርቀው ይወጣሉ።

ለሼል 8 በ4 ገጽ ውሰዱ። ከላይ 1 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ከግራ ከ1 እስከ 7 የሚሄድ ሰረዝ። ከላይ 3 ላይ ደግሞ ከ5 እስከ 8፣ ከዚያ ከ0 እስከ 3። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ሰረዝ ናቸው፤ በቀኝ ጠርዝ የወጣው በግራ ጠርዝ ገብቷል። ሕጉ ለሁሉም ጥለት ይሠራል፦ በአንዱ ጠርዝ ያለፈ ነገር በተቃራኒው ጠርዝ፣ በዚያው ከፍታ መግባት አለበት።

ደረጃ 6፦ ጥለቱን ከኮዱ ጋር አገናኙ

ኪውጂአይኤስ ላይ የሴክሽኑ ወይም የካርታው ፖሊጎኖች (ዐለቶቹን የሚከብቡት ዝግ ቅርጾች) እያንዳንዳቸው የኮድ ዓምድ ይኑራቸው። ወደ ሲምቦሎጂ ግቡና ካተጎራይዝድ የሚለውን ምረጡ፤ ዓምዱን የኮዱን ዓምድ አድርጉና ክላሲፋይ በሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ምልክት ክፈቱ። ሲምፕል ፊል የሚለውን የቀለም ንብርብር ከሥር ተዉት። በላዩ ሌላ ንብርብር ጨምሩና ዓይነቱን ኤስቪጂ ፊል አድርጉት። ፋይሉን ምረጡ። ወርዱን ታይሉን በሣላችሁበት ልክ፣ ለጡቡ 8 ሚሊ ሜትር ስጡት።

መለኪያው ሚሊ ሜትር እንጂ የካርታ መለኪያ አይሁን። በካርታ መለኪያ ከሆነ ሥዕሉን ባሳነሳችሁ ቁጥር ጡቡ አብሮ ያንስና ግራጫ እድፍ ይሆናል።

ሲያልቅ ስታይሉን በኪውኤምኤል ፋይል አስቀምጡት። የሚቀጥለው ሴክሽን ላይ ፋይሉን መጫን ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። የኤስቪጂ ፋይሎቹን እዚያው ፋይሉ ውስጥ የማስገባት አማራጭም አለ፤ ተጠቀሙበት። ካልሆነ ሥራውን ለሌላ ሰው ስትልኩ ኮምፒውተሩ ፋይሉን በእናንተው ፎልደር አድራሻ ይፈልገውና አያገኘውም። ጥለቱ በሙሉ ይጠፋል።

ፖሊጎኑን እየመረጡ በእጅ ጥለት መቀባት የሚቀል ይመስላል። አይቀልም። አንድ ሎግ ታርሞ «ይህ ሼል ሳይሆን ሲልትስቶን ነው» ሲባል ኮዱን የሠራ ሰው አንድ ቁጥር ቀይሮ ይወጣል። በእጁ የቀባው ግን ሴክሽን በሴክሽን እያሰሰ ይውላል።

ደረጃ 7፦ ቀለም

ቀለሙ ዕድሜን የሚያሳይ ከሆነ የዓለም የጂኦሎጂ ካርታ ኮሚሽን የመደበውን ተከተሉ፤ ትሪያሲክ ወይን ጠጅ፣ ጁራሲክ ሰማያዊ፣ ክሬቴሸስ አረንጓዴ ነው። ጂኦሎጂስት ዓይኑ የለመደው ይህንን ነው።

ፈዛዛ ቀለም ምረጡ። ደማቅ ቀለም ላይ 0.15 ሚሊ ሜትር መስመር አይታይም። ማፍዘዙን ደግሞ ራሱን ቀለሙን በመቀየር አድርጉት፤ የቀለም መቀላቀያ ስልቶችንና ኢፌክቶችን አትጠቀሙ። እነዚህ ካሉ ኪውጂአይኤስ ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጣ ሥዕሉን ወደ ፎቶ ዓይነት ምስል ሊለውጠው ይችላልና ጥለቱ ጥራቱን ያጣል።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው አንባቢዎች እንዳሉም አስቡ። ጥለቱ በሚገባ ከተሠራ እነሱም ምንም አይጎድልባቸውም።

ደረጃ 8፦ ጥለቱን እንደ ንብርብሩ ዝንባሌ አዙሩ

ዘንበል ያለ የሼል ንብርብር ውስጥ ሰረዞቹ አግድም ቢተኙ አንባቢው ንብርብሩ አግድም ነው ብሎ ያስባል። ሴክሽን ላይ ሰረዝ፣ ጡብና ሞገድ ከንብርብሩ ጋር መዞር አለባቸው። ነጥብ፣ ክብና የግራናይት ምልክት አቅጣጫ ስለማይናገሩ ባይዞሩም ችግር የለም።

ኤስቪጂ ፊል ላይ ማዞሪያውን ከዓምድ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። «ዙር» የሚል ዓምድ ጨምሩና ለእያንዳንዱ ፖሊጎን ዲግሪውን ጻፉ። መደመርና መቀነሱ በየትኛው በኩል እንደሚያዞር በአንድ ፖሊጎን ሞክራችሁ አረጋግጡ።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ሴክሽኑ ቁመቱ ተጋንኖ የተሠራ ከሆነ በመስክ የተለካውን ዲግሪ እንዳለ አታስገቡ። የዝንባሌውን ታንጀንት በማጋነኛው ቁጥር አባዙ፤ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ዲግሪ ቀይሩ። ለምሳሌ ቁመቱ 5 እጥፍ በተጋነነ ሴክሽን ላይ 10 ዲግሪ የነበረው ንብርብር 41 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይሣላል። ጥለቱን 10 ዲግሪ ብቻ ብታዞሩት ከንብርብሩ ጋር ይጋጫል። ይህ ስሌት ሴክሽኑ በዝንባሌው አቅጣጫ ሲቆረጥ የሚሠራ ነው። ሴክሽኑ ሰያፍ ከቆረጠው መጀመሪያ በሴክሽኑ ላይ የሚታየውን ዝንባሌ አውጡ።

ሌላም አለ። ሴክሽኑን በመደበኛ ልክ ሥላችሁ ኋላ ምስሉን ወደ ላይ በመጎተት አታጋንኑት። ጡቡ ይረዝማል፣ ክቡ እንቁላል ይሆናል። መጀመሪያ መጋነን፣ ከዚያ ጥለት መሙላት።

የታጠፈ ንብርብር ላይ ጥለቱ አብሮ አይታጠፍም። ፖሊጎኑን በእጥፋቱ ክንፎች ቆርጣችሁ ለእያንዳንዱ ክንፍ የራሱን ዲግሪ ስጡ። የቆረጣችሁበት ላይ የጠርዝ መስመር እንዳይወጣ የፖሊጎኑን ጠርዝ አጥፉና የዐለት ወሰኖቹን በሌላ የመስመር ንብርብር ሣሏቸው። እኔ ወሰኑን 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ፎልቱን (ዐለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበትን መስመር) 0.5 ሚሊ ሜትር አደርጋለሁ። ሁለቱም ከጥለቱ መስመር ሲወፍሩ ዓይን መዋቅሩን ቀድሞ ያያል።

ደረጃ 9፦ ቀጫጭን ንብርብሮችን በስሌት ፈትሹ

30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንብርብር በ1፡100 ስኬል ወረቀት ላይ 3 ሚሊ ሜትር ነው። በ1፡500 ግን 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የኛ ጡብ ደግሞ አንዱ ረድፉ ብቻ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። ስለዚህ ጥለቱ በዚያ ውስጥ ሊነበብ አይችልም።

የኔ መቁረጫ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች የሚወርደውን ሁሉ ከሠንጠረዡ ላይ ለይቼ እያንዳንዱን እወስናለሁ። የማይጠቅም ከሆነ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል። ዋና የሚፈለገው ንብርብር ከሆነ፣ ለምሳሌ የድንጋይ ከሰል፣ በወፍራም ጥቁር መስመር ይሣልና «ውፍረቱ ከስኬል ውጭ» ተብሎ በሌጀንዱ ይጻፋል። ጎኑ ላይ እውነተኛው ውፍረት በቁጥር ይቀመጥ። ሳይናገሩ ማወፈር ግን አይፈቀድም፤ ሰው ከሥዕሉ ላይ በማስመሪያ ለክቶ መጠን ያሰላበታል።

ደረጃ 10፦ ወደ ሞዴሉ ስትገቡ

ባለ 3 አቅጣጫ ሞዴል ላይ ጥለት አታልብሱ። በተጣመመ ገጽ ላይ የተለጠፈ ምስል በቁልቁለቱ ላይ ይለጠጣል፣ ሞዴሉ ሲዞርም ዓይን ያምታታል። እዚያ ላይ ቀለም ብቻ ይበቃል። ጥለቱ ከሞዴሉ ላይ በሚቆረጡት ሴክሽኖችና በሎጎቹ ላይ ይመለሳል። ማያያዣው ያው ኮዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ስሕተት አለ፣ ትኩረት ስጡት። ሞዴሉ በትናንሽ ኩቦች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ኩብ ኮድ ሲይዝ፣ መጠኑን ለመለወጥ አማካይ የሚወስድ ስልት አትጠቀሙ። የአሸዋ ድንጋይ 120 ነው፣ ሼል 140 ነው። አማካያቸው 130 ይሆናል። 130 ደግሞ ሲልትስቶን ነው! በሁለቱ ዐለቶች ወሰን ላይ በሙሉ ማንም ያልቆፈረው ሲልትስቶን ይበቅላል። ቁጥሩ ስም እንጂ መጠን አይደለም። ስለዚህ ሁልጊዜ የቅርቡን ጎረቤት ዋጋ የሚወስደውን ስልት ምረጡ።

ደረጃ 11፦ ሌጀንድ

የሌጀንዱ ሣጥን ቢያንስ 16 በ10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 8 ሚሊ ሜትሩ ታይል ሁለቴ እንዲደገም። አንዴ ብቻ የታየ ጡብ ጡብ መሆኑ አይታወቅም። በሌጀንዱ ያለው ጥለት ሥዕሉ ላይ ካለው ጋር በመጠን እኩል መሆን አለበት። ንብርብሮቹን ታናሹን ከላይ፣ አንጋፋውን ከታች አድርጉ፤ አንባቢው ሴክሽኑን የሚያነበው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ከሥር በአንድ መስመር የትኛውን ደረጃ እንደተከተላችሁና ቀለሙ ምን እንደሚያሳይ ጻፉ።

ደረጃ 12፦ አትሙና ራቅ ብላችሁ እዩት

በመጨረሻው መጠን አትሙት። አንድ ጡብ በማስመሪያ ለኩ፤ 8 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ላይ ሆኖ አሳንሶታል ማለት ነው። ከዚያ በጥቁርና ነጭ ድጋሚ አትሙ። ቀለም ሳይኖር ዐለቶቹን መለየት ከቻላችሁ ጥለቱ ሥራውን ሠርቷል።

ሪፖርቱ ውስጥ ሲገባ ይቀነሳል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲወርድ ሁሉም ነገር 71 በመቶ ይሆናል፤ 0.15 የነበረው መስመር ወደ 0.11 ገደማ ይቀጥናል። አንድ ጊዜ ይህን ሳላስብ አንድ ሙሉ ሴክሽን አስረክቤ ሲልትስቶኑና የአሸዋ ድንጋዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ታተሙ። ሰረዞቹ ቀጥነው ጠፍተዋል፣ የቀረው ነጥብ ብቻ ነው። አንባቢው ሁለቱን አንድ ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ አድርጎ አነበበው። ከዚያ ወዲህ ከመጨረሻው መጠን ሌላ በምንም አልሠራም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ሌሎች ስሕተቶች

- በጄፔግ ማስቀመጥ። ጄፔግ ቀጫጭን መስመሮችን ያደበዝዛል። ፒዲኤፍ ወይም ኤስቪጂ ተጠቀሙ። የግድ ምስል ከተባለ ፒኤንጂ፣ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ።
- በስክሪን ላይ በታይሎች መካከል ነጭ ክር አይቶ ታይሉን ማፍረስ። ክሩ ብዙ ጊዜ የስክሪኑ አሣሣል የሚያመጣው ነው። መጀመሪያ አትማችሁ እዩ። ወረቀት ላይም ካለ ያኔ የገጹን መጠን ፈትሹ፤ 8.00 መሆን ሲገባው 8.02 ሆኖ ታገኙታላችሁ።
- ሁለት ተመሳሳይ ጥለት ጎን ለጎን። የኖራ ድንጋይና ዶሎማይት ከተዋሰኑ የዶሎማይቱን መዝመም ጨምሩለት፤ የታይሉን ጠርዝ የሚነካበትን 6 ሳትነኩ።
- ያልታወቀውን መሙላት። ኮር (ከቁፋሮ የሚወጣ የዐለት ናሙና) ባልወጣበት ጥልቀት ላይ የላይኛውን ዐለት ጥለት ዝቅ አድርጎ መቀጠል የተለመደ ነው። አታድርጉት። የራሱ ኮድ ስጡትና ባዶ ነጭ ተዉት፤ እኔ 900ን ለዚህ ይዤዋለሁ። በሌጀንዱም «ናሙና ያልተገኘበት» ተብሎ ይግባ።
- ኮዱን በመሐል መቀየር። 140ን ለሼል ሰጥታችሁ ኋላ ለሌላ ዐለት አታውሉት። ያልተፈለገ ኮድ ዝም ብሎ ይቀመጥ። የቆየ ሎግ ተከፍቶ አዲሱ ስታይል ሲጫንበት ሼሉ ሌላ ዐለት ሆኖ እንዳይመጣ።

የኮድ ሠንጠረዡን፣ የኤስቪጂ ታይሎቹንና የኪውኤምኤል ፋይሉን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ከሞዴሉ ጋር አብራችሁ አስረክቡ። ሠንጠረዡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ኮድ፣ የዐለቱ ስም፣ የጥለቱ ፋይል፣ በደረጃው ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር።